ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮችና ቲልት ሮተር አውሮፕላኖች፦ ከፓስፊክ ደሴቶች እስከ ዝዋይ ሐይቅ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከባቱ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አለፍ ብላ የምትገኘው አዳሚ ቱሉ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከባህር ወለል በላይ 1 ሺህ 640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ እንደማለት ነው። ከተማዋ በግብርና ምርምር ማዕከሏና በፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። በምሥራቅ ሸዋ ዞን የአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ የዝዋይን ሐይቅ የሚያዋስን ሲሆን፣ በሐይቁ ላይም ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና የተባሉ አምስት ደሴቶች ይገኛሉ። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ጥንታዊው የማርያም ጽዮን ገዳም የሚገኘውም በዚሁ ደሴት ላይ ነው።

የዛይ ብሔረሰብ አባላት ለዘመናት የኖሩባቸው እነዚህ ደሴቶች ከየብስ ጋር የሚገናኙት በጀልባና በታንኳ ብቻ ነው። ከባቱ ወደብ ተነስቶ ቱሉ ጉዶ ለመድረስ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በምጥ የተያዘች እናት ወይም በጠና የታመመ ሰው በሌሊት ከደሴቱ መውጣት ቢኖርበት፣ ሐይቁም በነፋስ ቢናወጥ፣ የቀረው መንገድ አየር ብቻ ይሆናል። ከአዳሚ ቱሉ በስተሰሜን በቀጥታ የአየር መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቢሾፍቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር አለ። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሚ-8 ሄሊኮፕተር ይህ ርቀት የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም። በካርታ ላይ ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የሄሊኮፕተር አገልግሎት በርቀት ብቻ አይወሰንም፤ ከፍታ፣ ሙቀት፣ ነዳጅ፣ የማረፊያ ቦታና የበረራ ፈቃድ እያንዳንዳቸው በረራውን ሊያስቀሩት ይችላሉ።

በዓለም ላይ ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮች በደሴቶች መካከል ከፍተኛ አገልግሎት የሚሰጡት በፓስፊክ ውቅያኖስ አካባቢ ነው። አጀማመሩ ግን ከደሴት ሳይሆን ከጫካ ነበር። በሚያዝያ 1936 ዓ.ም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሲኮርስኪ ሠራሽ የሆነች አንዲት ትንሽ የአሜሪካ ሄሊኮፕተር በበርማ ጫካ ከጠላት መስመር በስተጀርባ የወደቁ አራት ሰዎችን አውጥታለች። ይህም በውጊያ ቀጣና በሄሊኮፕተር የተደረገ የመጀመሪያው የነፍስ አድን ሥራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሄሊኮፕተሯ አራቱን ያወጣችው ግን አንድ በአንድ እየተመላለሰች ነበር። ሞተሯ ደካማ፣ አየሩ ሞቃትና እርጥበት የበዛበት ስለነበር ከአብራሪው ሌላ ከአንድ ሰው በላይ መሸከም አልቻለችም። በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ሄሊኮፕተሮች በፊሊፒንስ ሉዞን ደሴት የቆሰሉ ወታደሮችን ከተራራማ ስፍራዎች ወደ ሕክምና አድርሰዋል። የአየሩ ሙቀትና የሞተሩ አቅም ስንት ሰው እንደሚተርፍ የሚወስኑ መሆናቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታየ ነው።

ቲልት ሮተር ምንድነው?

ቲልት ሮተር አውሮፕላን በክንፎቹ ጫፍ ላይ የተተከሉትን ሁለት ግዙፍ ማራገቢያዎች ከነሞተራቸው እያዘነበለ የሚበር ነው። ሲነሳና ሲያርፍ ማራገቢያዎቹ ወደ ሰማይ ይቀናሉ፤ በዚያን ጊዜ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይም ይወርዳል። አየር ላይ ከወጣ በኋላ ማራገቢያዎቹ ወደፊት ይዘነብላሉ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም የቱርቦፕሮፕ አውሮፕላን በክንፉ እየተንሳፈፈ ይጓዛል። በሥራ ላይ ያለው ዋነኛው ወታደራዊ ዓይነት የቤልና የቦይንግ ኩባንያዎች በጋራ የሚሠሩት ቪ-22 ኦስፕሬይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በመጋቢት 1981 ዓ.ም ሲሆን፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል እግረኛ ጦር ለግዳጅ ዝግጁ ብሎ የተቀበለው በ1999 ዓ.ም ነው። በእነዚህ 18 ዓመታት ውስጥ ፕሮጀክቱ በርካታ አደጋዎችን አስተናግዷል።

ኦስፕሬይ 24 ወታደሮችን ይዞ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህም ከተለመደው የማጓጓዣ ሄሊኮፕተር ከእጥፍ በላይ ፍጥነት ነው። ደሴት ከደሴት በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ለሚራራቁበት ውቅያኖስ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። የአሜሪካ ጦር በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት በሚገኘው የፉቴንማ ሰፈር ከ2004 እስከ 2005 ዓ.ም ባሉት ጊዜያት 24 ኦስፕሬዮችን አስፍሯል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም መጨረሻ ሐያን የተባለው አውሎ ነፋስ የፊሊፒንስን ደሴቶች በመታበት ወቅት ከእነዚህ የተወሰኑት መንገድና ወደብ ለፈረሰባቸው ከተሞች የዕርዳታ ቁሳቁስ በማድረስና ሰዎችን በማውጣት አገልግለዋል። ጃፓንም በበኩሏ 17 ኦስፕሬዮችን ገዝታለች።

ፍጥነቱ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በአውስትራሊያ ሜልቪል ደሴት አንድ ኦስፕሬይ ተከስክሶ ሦስት ወታደሮች ሞተዋል። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም በጃፓን ያኩሺማ ደሴት አቅራቢያ ሌላው ባህር ውስጥ ወድቆ የተሳፈሩት ስምንቱም ሕይወታቸው አልፏል። የዚህኛው ምርመራ በማርሽ ሣጥኑ ውስጥ የደረሰ ስብራትን ከዋነኛ ምክንያቶቹ አንዱ አድርጎታል። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ጦር ያሉትን ኦስፕሬዮች በሙሉ ለሦስት ወር ያህል ከበረራ አግዷቸው ነበር፤ እገዳው የተነሳው በየካቲት 2016 ዓ.ም መጨረሻ ነው። አንድን አካባቢ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ የሚያገለግል ኃይል፣ ያ አውሮፕላን በታገደ ጊዜ ደሴቶቹን በምን እንደሚደርስባቸው አስቀድሞ ማሰብ እንደሚኖርበት ከዚህ ክስተት መረዳት ይቻላል።

አየሩ ሲሳሳ

የፓስፊክ ደሴቶች አብዛኞቹ የማረፊያ ቦታዎቻቸው ከባህሩ እምብዛም ከፍ አይሉም። የኢትዮጵያ ሐይቆች ግን በከፍታ ላይ ያሉ ውሃዎች ናቸው። የዝዋይ ሐይቅ ወለል ራሱ ከባህር ወለል በላይ 1 ሺህ 636 ሜትር ላይ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። የሄሊኮፕተር ሮተር የሚሸከመው አየርን ወደ ታች በመግፋት በመሆኑ፣ የሚገፋው አየር በሳሳ ቁጥር የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል።

በሂሳብ ሲሰላ በአዳሚ ቱሉ ከፍታ፣ የሙቀት መጠኑ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቀትር ላይ፣ የአየሩ እፍጋት በባህር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ካለው በ22 በመቶ ያህል ያንሳል። ለሄሊኮፕተሩ ይህ በመደበኛ የአየር ሁኔታ 2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመብረር ይቆጠራል። በዚያው ቦታ ማለዳ ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት፣ ጉድለቱ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። በማለዳውና በቀትሩ አየር መካከል ያለው ልዩነት 5 በመቶ ገደማ ነው። 12 ቶን ለሚመዝን ሄሊኮፕተር 5 በመቶ ማለት 600 ኪሎ ግራም፣ በሌላ አነጋገር የስምንት ሰዎች ክብደት ነው። የሞተሩ ጉልበት መቀነስ ሲታከልበት ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ስለሆነም ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሊወጡ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ስምሪቱ በቢሮ ዘግይቶ ቀትር ላይ ሲፈጸም በአንድ ምልልስ ላይወጡ ይችላሉ።

በሶቪየት ኅብረት የተሠራው የሚ-8 ሄሊኮፕተር ታሪክ ራሱ ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚ-8ዎች እያንዳንዳቸው 1 ሺህ 500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሯቸው። ለሞቃትና ለከፍተኛ ቦታዎች ይህ ጉልበት ስላነሰ ተመሳሳዩ አካል 1 ሺህ 900 እና ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሞተሮች ተገጥሞ ለውጭ ገበያ ሚ-17 የሚባለው ወጣ። ሁለቱን በዓይን ለመለየት የጅራቱን ማራገቢያ መመልከት ይበቃል፤ በአሮጌው በስተቀኝ፣ በአዲሱ በስተግራ ይገኛል። በመደበኛ ሁኔታ 24 ወታደሮችን ወይም 12 ቃሬዛዎችን ወይም 4 ቶን ጭነት እንዲይዝ የተሠራ ነው። እነዚህ አኃዞች በወረዳ የአደጋ ዝግጁነት ዕቅዶች ላይ እንዳሉ ቢጻፉ ግን ያሳስታሉ፤ የፋብሪካ አኃዞች እንጂ የስምጥ ሸለቆ ቀትር አኃዞች አይደሉምና።

ለውጊያ የተሠሩት ሚ-24 እና ሚ-35 በበኩላቸው ስምንት ወታደሮችን ብቻ የሚይዙ፣ ጋሻቸውና መሣሪያቸው የከበደ ሄሊኮፕተሮች ናቸው። በሳሳ አየር ላይ ሙሉ ጭነት ይዘው ቀጥ ብለው መነሳት ስለሚከብዳቸው ጎማቸውን ተጠቅመው እንደ አውሮፕላን ጥቂት ተንደርድረው ይነሳሉ። በቢሾፍቱ ማኮብኮቢያ ይህ አያስቸግርም። በደሴት ላይ ግን መንደርደሪያ የለም።

ቲልት ሮተር ወደ ዝዋይ ቢመጣስ? በዚህ ረገድ ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። የሚ-8 ዋና ሮተር ስፋት 21.3 ሜትር ሲሆን፣ 13 ቶን ሲመዝን በእያንዳንዱ የሮተሩ ካሬ ሜትር ላይ 37 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። የኦስፕሬይ ሁለት ማራገቢያዎች ግን የእያንዳንዳቸው ስፋት 11.6 ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍተኛው በቀጥታ የመነሻ ክብደት ወደ 24 ቶን ስለሚደርስ በካሬ ሜትር ከ110 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማሉ። ይህም ሦስት እጥፍ ነው። በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም እጅግ ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አየሩ በሳሳና በሞቀ ቁጥር በቀጥታ የሚያነሳው ጭነት በፍጥነት ይወርዳል። ወደ ታች የሚገፋው ነፋስም የዚያኑ ያህል ብርቱ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ መናፈሻ ለትርኢት ያረፈ ኦስፕሬይ የዛፍ ቅርንጫፎችን ሰብሮ አሥር ተመልካቾችን አቁስሏል። ሣር ክዳን ቤት ባለበት፣ ታንኳ በዳርቻ በታሰረበት ደሴት ላይ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ለአጭር ርቀት፣ ለከፍታና ለጠባብ ቦታ ሰፊ ሮተር ያለው ዝግተኛው ሄሊኮፕተር ይሻላል።

ቲልት ሮተሮች በአፍሪካ ቀንድ

ኦስፕሬዮች ከኢትዮጵያ እምብዛም ርቀው አያውቁም። መነሻቸው በጂቡቲ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲሆን፣ በታህሳስ 12 ቀን 2006 ዓ.ም ሦስት የአሜሪካ አየር ኃይል ኦስፕሬዮች በደቡብ ሱዳን ቦር ከተማ የተከበቡ ዜጎችን ለማውጣት ሲቃረቡ ከመሬት በተተኮሰ ጥይት ተመትተዋል። አራት ወታደሮች ቆስለው ሦስቱም ሳያርፉ ወደ ኡጋንዳ ኢንቴቤ ለማምራት ተገደዋል። በማግሥቱ ዜጎቹ የወጡት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በሲቪል ሄሊኮፕተሮች ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው ዋናው ነገር፣ ተፋላሚ ወገኖች በረራው ሰብአዊ መሆኑን አስቀድመው እንዲያውቁ መደረጉ ነበር። ፈጣኑ አውሮፕላን ያልቻለውን ዝግተኛው የቻለው በዚህ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ አሜሪካ በካርቱም የነበሩ የኤምባሲ ሠራተኞቿን ለማውጣት የላከችው ሦስት ቺኑክ ሄሊኮፕተሮችን ነበር። ከጂቡቲ ተነስተው በኢትዮጵያ ካረፉ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል በርረው ካርቱም ደርሰዋል። መሬት ላይ የቆዩት ከአንድ ሰዓት በታች ሲሆን ከመቶ ያላነሱ ኮማንዶዎች የተሳተፉበት ይህ ዘመቻ ያለ ጉዳት ተጠናቋል። ለትብብራቸው ከተመሰገኑት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በየትኛውም ረጅም የሄሊኮፕተር ጉዞ መካከለኛዋ ማረፊያና በዚያ የተዘጋጀው ነዳጅ ከሄሊኮፕተሩ ያላነሰ ዋጋ እንዳላቸው ይህ ዘመቻ አሳይቷል።

የኢትዮጵያ ልምድ

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከጣሊያን ወረራ በኋላ በቢሾፍቱ እንደገና ሲደራጅ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተመሩ ባለሙያዎች ከፍተኛ ድርሻ እንደነበራቸው ይታወቃል። እኚሁ አብራሪ በ1960ዎቹ በረሃብ ለተጎዱና መንገድ ለማይደርስባቸው አካባቢዎች ከትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የእህል ከረጢቶችን በመጣል ዘዴያቸው ይታወሳሉ፤ በ1969 ዓ.ም ጎዴ ላይ ሕይወታቸው አልፏል። በየዘመኑ የፈረንሣይ፣ የአሜሪካና የጣሊያን፣ በኋላም የሶቪየት ሥሪት ሄሊኮፕተሮች አገልግለዋል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሠራዊቱ የጀርባ አጥንት የሆኑት የሚል ተቋም ሥሪቶች ናቸው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የደጀን አቪዬሽን ተቋምም ለእነዚህ የጥገናና የዕድሳት ሥራ ሲሠራ የቆየ ነው።

በ1977 ዓ.ም ድርቅ ወቅት የተከናወነው አንድ ሥራ ብዙም አይወሳም። የፖላንድ ጦር ሦስት ሚ-8 ሄሊኮፕተሮችን ያቀፈ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። በሰሜኑ አምባዎች ላይ እህል የሚጥሉት የእንግሊዝ ሄርኩሊስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል ግዙፍ አውሮፕላኖች ሲሆኑ፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሠራተኞችን በየአምባው እያወረዱ የመጣያ ቦታው እንዲመረጥ፣ ምልክት እንዲደረግበት፣ ሰውና ከብት ከቦታው እንዲርቅ ያደርጉ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት የተቃራኒ ጎራ ወታደሮች በአንድ ሜዳ ላይ መሥራታቸው በራሱ አስገራሚ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚበጀው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሄሊኮፕተሮቹ የጠቀሙት ከተሸከሙት እህል ይልቅ በመሬት ላይ ባዘጋጁት ቦታና ባደረሱት ባለሙያ ነው።

በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው የጎርፍ አደጋ ደግሞ የርቀትን ጥያቄ አስነስቷል። ሐምሌ 30 ሌሊት ድሬዳዋን የመታው ደራሽ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከሳምንት በኋላ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ የዳሰነች አካባቢ መንደሮችን አጥለቅልቆ ከ360 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በኦሞ ወንዝ ዳር የቀሩት ከፍ ያሉ ቦታዎች ደሴቶች ሆኑ። በእነርሱ ላይ የተከበቡትን ሰዎች ለማውጣት የመከላከያ ሠራዊት ሄሊኮፕተሮችና የሞተር ጀልባዎች ተሰማርተዋል።

ከቢሾፍቱ እስከ ኦሞራቴ በቀጥታ መስመር 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚ-8 ሄሊኮፕተር በመደበኛ ጋኑ የሚጓዘው ርቀት በአጠቃላይ ከዚህ ብዙም የሚለይ አይደለም፤ ደርሶ ለመመለስ አይበቃውም። በመንገድ ላይ ያለችው አርባ ምንጭ ከቢሾፍቱ 330፣ ከኦሞራቴ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአርባ ምንጭ ኦሞራቴ ደርሶ መልስ ብቻ 440 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በጎርፉ ላይ ሰው ለመፈለግና አየር ላይ ቆሞ ለማንሳት የሚተርፈው ነዳጅ ጥቂት ነው። አየር ላይ መቆም ደግሞ ከመጓዝ የበለጠ ነዳጅ ይበላል። ተጨማሪ ጋን ቢጫን የሰው ቦታና ክብደት ይወስዳል። እንግዲህ ከሄሊኮፕተሩ በፊት መድረስ ያለበት የነዳጅ በርሜል የጫነ የጭነት መኪና ነው። መኪናው መድረስ የሚችለው ደግሞ መንገዱ በጎርፍ ከመቆረጡ በፊት ነው።

ከአገር ውጭም ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ የምትጠቀስ ናት። በዳርፉር የተሰማራው የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ ኅብረት ጥምር ሰላም አስከባሪ ኃይል ሥራውን ከጀመረ ከሁለት ዓመት በላይ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር የሚሰጠው አገር አጥቶ ቆይቶ ነበር። በየካቲት 2002 ዓ.ም አምስት የኢትዮጵያ ታክቲካዊ ሄሊኮፕተሮች ኒያላ ደርሰው ይህን ክፍተት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልተዋል።

በአብዬ የደረሰው ግን የሚያሳዝን ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም በአብዬ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች ፈንጂ ላይ ወጥተው አንዱ ወዲያውኑ ሞተ፤ ሌሎች ሦስት ደግሞ በጽኑ ቆሰሉ። ቁስለኞቹን የሚያነሳ ሄሊኮፕተር ቢኖርም የሱዳን መንግሥት የበረራ ፈቃድ ሳይሰጥ ቀረ፤ ከተነሳም እንደሚመታ ማስፈራራቱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰላም ማስከበር ኃላፊ በወቅቱ ገልጸዋል። ሦስቱ ቁስለኞች የሚያነሳቸውን እየጠበቁ ሞቱ። ነዳጅም፣ ሞተርም፣ አብራሪም አልጎደለም ነበር። የጎደለው አንድ ፊርማ ነው።

የበረራው አደጋም የሚዘነጋ አይደለም። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ሲበር የነበረ የመከላከያ ሄሊኮፕተር በምሥራቅ ሸዋ ዞን ወድቆ 15 የሠራዊቱ አባላትና ሦስት ሲቪሎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎችን የያዘ ሚ-8 በአብዬ ሰፈር ውስጥ ወድቆ ሦስት ሰዎች ሲሞቱ አሥር ቆስለዋል። በጀልባ ወይም በአምቡላንስ ሊሠራ የሚችልን ሥራ በሄሊኮፕተር ማዘዝ ወጪ ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ የሕይወት ሥጋት መሆኑን ኃላፊዎች ሊያጤኑት ይገባል። ከሞጆ እስከ ባቱ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ለየብሱ ክፍል የአየር አምቡላንስን ጥያቄ በአብዛኛው መልሶታል። ያልተመለሰው የደሴቶቹና የጎርፍ ጊዜው ነው።

በወረዳ ደረጃ የሚሠራው

ለሚ-8 ማረፊያ እንደ ልማድ 50 ሜትር በ50 ሜትር ያላነሰ፣ ዳገትነቱ አነስተኛ የሆነ፣ ከዛፍ፣ ከኤሌክትሪክና ከስልክ ሽቦ የጸዳ ሜዳ ይፈለጋል። ሽቦ ለአብራሪ እስኪቃረብ ድረስ አይታይም፤ ስለዚህ በአካባቢው ያለ ሽቦ ሁሉ በጥያቄው ላይ መጠቀስ አለበት። ደረቅ አፈር ከሆነ የሚነሳው አቧራ የአብራሪውን ዓይን ስለሚጋርድ ቦታውን አስቀድሞ ውሃ ማርከፍከፍ ይጠቅማል። ቆርቆሮ፣ ላስቲክና የተሰጣ ልብስ መነሳት አለበት። ሰዎችና ከብቶች እንዲርቁ የሚያደርግ ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ይመደባል። ማንም ሰው ወደ ሄሊኮፕተሩ በጅራቱ በኩል መቅረብ የለበትም፤ የጅራቱ ማራገቢያ ሲሽከረከር በዓይን አይታይም።

ጥያቄው ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያም በክልልና በፌዴራል የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር አካላት በኩል ወደ መከላከያ ሲተላለፍ የቦታው ስም ብቻ አይበቃም። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ቱሉ የሚል ቃል ያለበት ስፍራ ስንት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የኬክሮስና የኬንትሮስ አኃዝ፣ ከባህር ወለል ያለው ከፍታ፣ የወቅቱ ሙቀትና የነፋስ አቅጣጫ፣ የሚነሱት ሰዎች ብዛት፣ ከእነርሱ ስንቱ በቃሬዛ እንደሚወጡ፣ በቦታው ላይ የሚገኝ ኃላፊ የስልክ ቁጥር ቢጠቀስ የአብራሪው የጭነት ስሌት ከመነሳቱ በፊት ይጠናቀቃል። ከዚህ አንዱ ሲጎድል አብራሪው ለጥንቃቄ ሲል ነዳጅ ጨምሮ ወይም የሰው ቁጥር ቀንሶ ይነሳል።

ዝዋይና አብያታ ለሰማዩ ሌላ ባለቤትም አላቸው። በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚራቡት ታላላቅ ነጭ ይብራዎች፣ በተለምዶ ፔሊካን የሚባሉት፣ ለምግብ ፍለጋ ወደ አጎራባች ሐይቆች በመንጋ ይመላለሳሉ። አንዱ ፔሊካን አሥር ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ስለሚችል ከሄሊኮፕተር መስታወት ወይም ሮተር ጋር ቢጋጭ አደጋው ከባድ ነው። ወፎቹ እንደ ንስር ሁሉ የሚሞቀውን አየር ተንተርሰው ወደ ላይ የሚወጡት ፀሐይዋ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። የማለዳ በረራ ቀዝቃዛ አየር ከማስገኘቱ ባሻገር ከእነርሱም ያስቀድማል።

የማረፊያ ቦታ ምርጫው በየትኛው ወር እንደሚካሄድም ልብ ሊባል ይገባል። የዝዋይ ሐይቅ በመቂና በካታር ወንዞች የሚሞላ በመሆኑ ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በደሴቶቹ ዳርቻ በግንቦት ወር ደረቅና ሰፊ ሆኖ የታየና በመዝገብ የሰፈረ ሜዳ ጎርፍ በሚያሰጋበት ወቅት ውሃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።